የምንጩ አጥርና የአጎቴ ግጦሽ

በምኖርበት በኒው ዮርክ ከተማ ከቧንቧ የምንቀዳው ውኃ አብዛኛው በማጣሪያ ጣቢያ ያላለፈ ነው ስላቸው፣ ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቼ የምቀልድባቸው ይመስላቸዋል። ጀርሙ በክሎሪንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ይገደላል እንጂ፣ ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች የሚመጣውና ከከተማዋ ፍጆታ 90 በመቶ ያህል የሚሆነው ውኃ ሳይጣራ ነው የሚጠጣው። ይህ የሆነውም ከተማዋ ለማጣሪያ የሚሆን ገንዘብ አጥታ ሳይሆን፣ ውኃው በሚመነጭበት ተራራ ላይ ለሚያርሱና ከብት ለሚያረቡ ሰዎች መክፈል እንደሚያዋጣት ቁጭ ብላ ስላሰላች ነው።

ነገሩ በመልካም ፈቃድ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። ከተማዋ ባለፈው ምዕተ ዓመት ለግድቦቿ ስትል መንደሮችን እያስነሣች በውኃ ያስጠለቀች ናት፤ የተነሺዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ቂሙን እስከ ዛሬ አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በገበሬው ላይ ጥብቅ ደንብ ለመጫን ረቂቅ ብታወጣ አገር ተነሣባት። በሌላ በኩል የማጣሪያ ጣቢያ ልገንባ ብትል ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተገምቶ ነበርና፣ ወዳ ሳይሆን በግዷ ከገበሬው ጋር ለድርድር ተቀመጠች። እ.ኤ.አ. በ1997 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከተማዋ መሬት የምትገዛው መሸጥ ከሚፈልግ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ለገዛችውም የመሬት ግብር ትከፍላለች፤ በፈቃዱ በፕሮግራሙ ለሚገባ ገበሬም ውኃውን ለመጠበቅ የሚሠራውን ሥራ ወጪ ትሸፍናለች።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወላጆቹ የወተት ላም ወደሚያረቡበት እርሻ ወስዶኝ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ጅረቱ ከሁለቱም ዳር ራቅ ብሎ ታጥሯል፤ በአጥሩና በውኃው መካከል ችግኞች በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቆመዋል፤ ላሞቹ ወደ ጅረቱ እንዳይወርዱ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ውኃ የሚሞላ ገንዳ ተሠርቶላቸዋል፤ ፍጉም በየሜዳው መከመሩ ቀርቶ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ወለል አለው። ከጅረቱ ዳር ለተከለለው መሬት ደግሞ በውል የታሰረ ዓመታዊ ኪራይ ለባለቤቱ ይከፈለዋል። ሽማግሌው አባት ከተማዋን ሲረግማት ዋለ፤ ገንዘቧን ግን አልረገመም። በፌዴራል ደረጃም ቢሆን እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ከጥበቃ ፕሮግራሞቹ ገንዘብ ቢያንስ 10 በመቶው የመጠጥ ውኃ ምንጮችን ለመጠበቅ እንዲውል አዝዟል፤ ለዚሁ ሥራ ለገበሬው የሚከፈለው ድጋፍም እስከ ወጪው 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ጣና ደጃፏ ላይ ተኝቶ ሳለ ባሕር ዳር ስትጠጣ የኖረችው በዋናነት ከዙሪያዋ ካሉ ምንጮችና ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ስለ እምቦጭ ሁላችንም እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ተገቢ ነው፤ ስለ ምንጮቹ ግን ሲጮህ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። አጎቴ መሬታቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ውኃ ከሚጠለፍበት አንድ ምንጭ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ምንጩ ይጠበቅ ተባለና ከይዞታቸው የሣር መሬት የሆነው ክፋይ በእሾህ ሽቦ ታጠረ። ከአጥሩ ጋር ታፔላ፣ ከታፔላው ጋር ስልጠና፣ ከስልጠናው ጋር ለአሰልጣኞቹ አበል መጣ። ለአጎቴ የደረሳቸው ቆብ ነው። «ላም ምንጭ አታውቅ፣ ሣር ነው የምታውቅ፤ ቆብ አላበላት ነገር!» ይላሉ።

ያናደደኝ ካሳ መቅረቱ ብቻ አይደለም። ግጦሽ ያጡት አጎቴ ላሞቹን ሸጡና ከአጥሩ በላይ በቀረችው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ ጫት ተክሎ በሞተር ያጠጣል፣ ፀረ ተባይም ይረጫል። ምንጩ ከላም ድኖ ለባሕር ዛፍና ለፀረ ተባይ ተዳረገ ማለት ነው። ለአንድ ሰው የመኖ ዋጋ ብንከፍል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ለዚህ የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ለማን ይከፈላል? ሙግቱ አያረካኝም። አጎቴ አረንጓዴ ደብተር፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የ1997 ዓ.ም. የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታ መሬቱን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለበት፣ መሬቱ ከተጎዳም የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችል ሲደነግግ ማንነታቸውን አልተጠራጠረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ካሳ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ለግዴታ ሲሆን የሚታወቅ ባለይዞታ ለክፍያ ሲሆን የሚጠፋበት ምክንያት አይገባኝም። በየዓመቱ በበጋው የተፋሰስ ዘመቻ በነጻ ጉልበቱ እርከን የሚሠራው፣ ሲታመምም ልጁን የሚልከው ይኸው ሰው ነው፤ ሥራው ከንቱ ነው አልልም፣ እርከኑ ደለልን እንደሚይዝ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ከታች ሆኖ ውኃውን የሚጠጣው ከተሜ በዚያ ዘመቻ ላይ ድርሻው ምን እንደሆነ ብጠይቅ የነገረኝ የለም።

ከከተማው የውኃ ሂሳብ ላይ ጥቂት ብር ተነሥቶ ከምንጩ በላይ ላሉ ባለይዞታዎች ቢከፈልስ ብዬ ባሕር ዳር ላሉ ጓደኞቼ ሐሳብ ሳቀርብ፣ አንደኛው «መጀመሪያ ውኃው ይምጣ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም እኅቴ ቤት ሳለሁ ፈረቃው እስኪደርስ ከበርሜል በጆግ እየቀዳሁ ነበር የምታጠበው። ሆኖም ያው ጓደኛዬ ውኃ ሲጠፋ በጋሪ ለሚመጣ ጀሪካን የሚያወጣው ብር ከቧንቧው ታሪፍ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እርሱን ሳያጉረመርም ይከፍላል።

አጎቴ ደግሞ ገንዘቡ እንኳ ይቅር ብለው ነበር። የጠየቁት በአጥሩ ውስጥ የበቀለውን ሣር አጭደው እንዲወስዱ ብቻ ነው፤ ምንጩን አይነካም፣ ለማንም ወጪ የለውም፣ በየተከለለው ተራራ የተለመደ አሠራርም ነው። የተሰጣቸው መልስ «ከበላይ አካል መመሪያ አልወረደም» የሚል ነበርና፣ ላሞቹን የሸጡት ከዚያ በኋላ ነው።