ቢጫ ጽጌረዳን ከመንቀላችሁ በፊት

ቢጫ ጽጌረዳ ቅጠሉ ቶሎ ይታመማል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱም አለ። ደማቁ ቢጫ የመጣው ከፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ነው። ፈረንሳዊው ጽጌረዳ አዳቃይ ዦዜፍ ፔርኔ-ዱሼ እሱን አዳቅሎ በ1900 እ.ኤ.አ. «ሶሌይ ዶር» የተባለውን ጽጌረዳ አወጣ። ከቀለሙ ጋር ቅጠል ለሚያረግፈው ጥቁር ነጠብጣብ በሽታ መጋለጡም አብሮ ተወረሰ።

እኔ ሜሪላንድ ግቢዬ ውስጥ «ፒስ» የተባለች ጽጌረዳ አለችኝ። ፍራንሲስ ሜያን ያዳቀላት፣ በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ሰላም» ተብላ የተሰየመችው። እንቡጧ ሲከፈት ቢጫ ነው፣ የአበባ ቅጠሏ ጫፍ ሮዝ። ፀሐይ ሲበረታባት ወደ ክሬም ትገረጣለች። ድሮ ሐምሌ ላይ ከታች መላጣዋን ትቀር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ብቻ ማጠጣት ከጀመርኩ፣ የረገፈውንም ቅጠል እየለቀምኩ ከጣልኩ ወዲህ በጣም ተሽሏታል። ባለፈው ሳምንት የቆረጥኳት አበባ የሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ታክላለች!