ኤማሁስ የቷ ናት?
አንድ ጸሐፊ፣ ከሞት የተነሣው ኢየሱስ ለሁለት መንገደኞች የተገለጠባት የኤማሁስ መንደር ጥንታዊቷ የኒቆጶሊስ ከተማ ናት ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ቆይ እንጂ! ሉቃስ 24፥13 ላይ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ» ያህል ትርቃለች ይላል። (ልጅ ሆኜ የመጽሐፍ ምዕራፍ ይመስለኝ ነበር።) ነገሩ የግሪኩ ስታዲዮን ነው፤ አንዱ 185 ሜትር ገደማ። ስድሳው 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኒቆጶሊስ ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

እርግጥ ኮዴክስ ሲናይቲከስ የተባለውን የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ጨምሮ አንዳንድ ጥንታዊ የሉቃስ ቅጂዎች 160 ስታዲዮን (30 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኒቆጶሊስን ነው የመረጠው። የኤማሁስ ስምም እዚያው እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በቆየችው በኢምዋስ መንደር ተርፏል። ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ግን ሁለቱ መንገደኞች ማዕድ ላይ ጌታን እንዳወቁት በዚያው ሰዓት ተነስተው ተመልሰዋል። ቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ ማታ ሌላ 30፣ ያውም ሽቅብ? እግር ነው ወይስ መኪና?

እኔ በኢየሩሳሌም መግቢያ ላይ ያለችው ሞጻ ትሻላለች ባይ ነኝ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍስ፣ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን 800 የተሰናበቱ ወታደሮች ያሰፈረባት ኤማሁስ ከከተማዋ 30 ስታዲዮን ላይ እንደነበረች ጽፏል። ርቀቱ ከሞጻ ጋር ይገጥማል። ደርሶ መልሱን አስሉት፤ 60 ይመጣል።