ይድረስ ሞተው ለማይቀሩት አቶ ሄይሃቺ

ለክቡር አቶ ሄይሃቺ ሚሺማ
ባሉበት (ገደል ሥር፣ እሳተ ገሞራ ውስጥ፣ ወይም የሚቀጥለው ክፍል ላይ)

ጉዳዩ፦ በድጋሚ ከሞት መነሣትዎን እና ስለ ትንሣኤዎ የተጠየቅነውን ተጨማሪ ክፍያ ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው። እርስዎ ሁልጊዜ ይሰነብታሉ፤ የማይሰነብተው የእኛ ኪስ ነው።

እኛ አመልካቾች ጅማ ከተማ ውስጥ በርጩማ ላይ ተደርድረን «ተሸናፊ ይነሣል» በሚለው ሕግ የምንተዳደር የፕሌይስቴሽን ቤት ሰልፈኞች ነን። ተከን ከሚባለው የድብድብ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍል (ከተከን 3) ጀምሮ እናውቅዎታለን። ክፉ ነዎት፤ ክፋትዎን ቀንድ ከመሰለው ጸጉርዎ ጋር ለምደነዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ክፋትዎ ሳይሆን ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ያደረሱብን ውርደት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንንገርዎ። ተከን 8 የወጣው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 26 ቀን 2024፣ በእኛ ጥር 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ፒኤስ 4 ላይ አይሠራም። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሁለት ፒኤስ 4 ሸጦ፣ ከላይ ጨምሮ አንድ ፒኤስ 5 ገዛ። በሁለት ቲቪ ፊት ይከፈል የነበረው ሰልፍ አንድ ቲቪ ፊት ተጠቀለለ ማለት ነው። ቀጥሎ አካውንት። የአገሮቹ ዝርዝር ሲከፈት ኢትዮጵያ የለችም፤ ወደ ታች ቢወርዱም የለችም። ዲቪ ሳይደርሰን ካሊፎርኒያ ገባን፣ የፖስታ ኮድ ሞላን፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ሳናነብ ተጫንን። የባንክ ካርዳችን አልሠራ ሲል ኮድ ሻጭ ደላላ ዘንድ ተሄደ። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። የስጦታ ካርድ ኮድ የሚሠራው ለተሸጠበት አገር አካውንት ብቻ ነው፤ የአሜሪካ አካውንት ከፍቶ የእንግሊዝ ኮድ የገዛ ሰው ብሩን ተበላ፣ ደላላውም ስልኩን አጠፋ።

ከዚያ ማውረድ። ለኮምፒውተር የተጻፈው መስፈርት 100 ጊጋባይት ነው፤ የኮንሶሉም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መስመሩ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢሰጥ (ቢት ነው፤ ባይት ለማግኘት ለ8 ይካፈላል) ሳይቋረጥ 55 ሰዓት ይፈጃል። ሳይቋረጥ! በጅማ ክረምት! ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም መብራቱ ቀድሞ በሚሸሽበት ከተማ! የወረደው አይጠፋም፣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግን ኮንሶሉ በድንገት በጠፋ ቁጥር ሲነሣ መጀመሪያ ማከማቻውን ልመርምር፣ ልጠግን ይላል። ባለቤቱ አምስት ሌሊት ከኮንሶሉ ጎን አደረ። የወለደች ሚስት እንኳ እንዲህ አትጠበቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። በየቤቱ አንድ ሊቅ አለ፤ የሚሺማን የዘር ሐረግ እንደ ዳዊት የሚደግም። የእኛው ሊቅ ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለአዳዲሶቹ ልጆች እያስረዳ ነበር፦ «ሄይሃቺ የሚባል የለም። በሰባተኛው ልጁ እሳተ ገሞራ ውስጥ ጥሎታል። በዓይናችን አይተናል። አለቀ፣ ደቀቀ።» ይህን ብሎም አላቆመ፤ በቤቱ ሰው ሁሉ የጀበና ቡና ተወራረደ። ባለቤቱ መደብሩን ከፈተ። እርስዎ ከነጸጉርዎ፣ ከሥርዎ የዶላር ዋጋ ተለጥፎ፣ ቆመዋል።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የተሳቀው ግን በእርስዎ አልነበረም፣ በሊቁ ነው። ሰባት ክፍል የተከታተለ፣ መጨረሻዎቹን ሁሉ የከፈተ፣ ማን ማንን የት እንደጣለ የሚያውቅ ሰው አፉን ይዞ ቀረ። ትናንት የመጣው፣ ልጅዎን ካዙያን ከልጅ ልጅዎ ከጂን የማይለየው ጩጬ ደግሞ «እኔ እኮ አይሞትም ብያለሁ» አለ። ልክ ነበር! እንግዲህ የእርስዎ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ያስታወሰ ይዋረዳል፣ ምንም ያላየ ይረታል።

እስቲ መዝገብዎን እንግለጥ። በፈረንጆቹ የ1994ቱ የመጀመሪያው ተከን ነገር የሚነሣው ልጅዎን ካዙያን በአምስት ዓመቱ ገደል ስለወረወሩት ነው። አድጎ መጣ፣ አሸነፈዎት፣ በዚያው ገደል ሰደደዎት። አንድ ሞት። በዓመቱ፣ በተከን 2፣ ከገደሉ ወጥተው ልጅዎን እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ከተቱት። በተከን 3 የልጅ ልጅዎን ጂንን አስተምረው፣ ጉዳይዎን ከፈጸመልዎ በኋላ ተኮሱበት። ሁለቱም ተመልሰዋል። በተከን 5 መግቢያ ላይ ከሕንፃው ጋር ፈንድተው «ሞተ» ተባለ፤ ሁለት ሞት፤ በፒኤስ 2 ቅጂው ግን ተደብቆ የሚከፈት ተጫዋች ሆነው እዚያው ዲስክ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። በዚያው ክፍል ከምድር በታች የዘጉባቸው አባትዎ ጂንፓቺ ወጥተው የመጨረሻው ባላጋራ ሆኑ። በተከን 7 ሚስትዎን ካዙሚን መግደልዎ ታየ፣ ልጅዎም የእሳተ ገሞራውን ብድር መለሰልዎ። ሦስት።

ክቡርነትዎ፣ የትኛውም እድር ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ድንኳን አይተክልም። በሁለተኛው ላይ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «የእኚህ ሰው ሒሳብ ተዘግቷል» ይላል፤ ንፍሮ የቀቀሉት ሴቶች የሚሉትን ደግሞ እዚህ አንጽፈውም።

የጅማ ነገሥታት በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ስለነበር እርስዎንም ቤቱ «አባ ገደል» ብሎዎታል። በነገራችን ላይ እኛም ሁለት አባ ጅፋሮች ነበሩን። ስማቸው አንድ፣ ታሪካቸው ሁለት፦ የመጀመሪያው ግዛታቸውን በጦር አሰፉ፣ ሁለተኛው ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦር አተረፉ። ሁለተኛ ክፍል ማለት ይህ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ አለ፤ እሳቸው የሉም፤ ማንም በዶላር አላመጣቸውም።

ለምን እንደማይሞቱ ግን አይጠፋንም። በድብድብ ጨዋታ ንጉሡ ደራሲው ሳይሆን የተጫዋቾች መምረጫ ሰሌዳው ነው። ተከን 8 ሲወጣ ሰሌዳው ላይ 32 ሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ፊት ጀርባ ለዓመታት እሱን ብቻ የያዘ ሰው አለ፤ ያ ሰው የለመደው ታሪኩን አይደለም፣ እጁን ነው። የቤታችሁን ቡጢ እንውሰድ። ወደፊት፣ ልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ታች-ወደፊት ከሦስት ማዕዘኗ ቁልፍ ጋር። የመጨረሻው አቅጣጫና ሦስት ማዕዘኗ በአንድ ፍሬም (በአንዲት የምስል ቅጽበት) ላይ ከተገጣጠሙ «ኤሌክትሪክ» የሚባለው ብርቱ ቡጢ ይወጣል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ ያለን ጊዜ የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ነው፤ ካመለጠ ተራ ቡጢ ይሆንና ቅጣቱን እንቀበላለን። ጎማው የተበላ ጆይስቲክ ሰያፉን አቅጣጫ ይውጠዋል፤ ቲቪው «ጌም ሞድ» ላይ ካልሆነ ምስሉ ዘግይቶ እየደረሰ ጣትን ያሳብደዋል። ይህን በዚህ ሁሉ መከራ የተማረ ሰው የሚሺማ ቤት ቢጠፋ ጣቱን ይዞ የት ይሄዳል? አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ያንኑ እጅ የሚያወርሱት ለዚህ ነው። ደግሞስ አንድ ተደባዳቢ ማለት አጽሙ፣ ምቶቹ፣ ድምፁ፣ የወራት ሥራ ነው፤ መግደል ዕቃ ማቃጠል ነው።

ሌሎቹ ቤቶች መላውን ዘይደውታል። ኪንግ ሲሞት ያሳደገው ልጅ ጭምብሉን አጠለቀ፤ ምቱ ቀጠለ፣ ሞቱም ሞት ሆኖ ቀረ። ሎው በሦስተኛው ለልጁ ቦታ ለቅቆ በአራተኛው ተመለሰ፤ ጡረታ ወጣ እንጂ ሞተ አልተባለም። ከሁሉም የምናከብረው ጃክን ነው። ሮቦት ነው፣ ሲሰበር ሌላ ይሠራና ቁጥሩ ይጨምራል፤ አሁን ጃክ 8 ላይ ነን። ሳይዋሽ የሚደገም እሱ ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት መጨረሻዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሲያሸንፍ የራሱን መጨረሻ ያያል፤ የሚቀጥለው ክፍል ሲወጣ ግን እውነት ሆኖ የሚቆጠረው ከመካከላቸው የተመረጠው ብቻ ነው። የሚመረጠውም ጠቡን የማያስቆመው። ፖል የሚባለው ተደባዳቢ በሦስተኛው ኦገር የተባለውን ጭራቅ ደብድቦ ያሸነፈ መስሎት ወደ ቤቱ ሄዷል። ከእሱ የምንለየው እኛ ከፍለን መሄዳችን ነው።

ኤዲ ጎርዶ የሚባለውን ተደባዳቢ ለብቻ ከጨዋታው በኋላ በክፍያ መሸጣችሁን ጩጬዎቹ ይቅር አይሏችሁም። ኤክስና ክቧን ያለ ሐሳብ እየቀጠቀጡ ሊቁን የሚያስነሡበት ብቸኛ መሣሪያቸው ነበር።

ሙያ አጋሮችዎንም ታዝበናል። ማሪዮ በፈረንጆቹ 1985 ሰባት ግንብ አቋርጦ «ልዕልቲቱ ሌላ ግንብ ውስጥ ናት» ተባለ፤ በ2017ም ያችኑ ልዕልት ከዚያው ባውዘር እጅ ሊያስጥል ሲሮጥ ነበር። ግን ሞታለች ብሎን አያውቅም። የተኩስ ጨዋታው ሞደርን ዋርፌር በ2007፣ በ2009 እና በ2011 ሦስት ክፍል ሠራ፤ በ2019፣ በ2022 እና በ2023 በዚያው ስም፣ በዚያው ካፒቴን ፕራይስ፣ ሌላ ሦስት። ሌላው የድብድብ ጨዋታ ሞርታል ኮምባት ይባስ። በ2011 ራይደን ለድሮው ራሱ መልእክት ልኮ ነገሩን ከመጀመሪያው ውድድር አስጀመረው፤ በ2019 ክሮኒካ የምትባል ጊዜን እንደገና ልጀምረው ብላ ተነሣች፤ በ2023 ሊዩ ካንግ ዓለምን እንደ አዲስ ፈጥሮ የጨዋታውን ቁጥር ሳይቀር ወደ 1 መለሰው። ፊፋ በ2016 አሌክስ ሀንተር የሚባል ልጅ ታሪክ አመጣና ከሦስት ክፍል በኋላ ተወው። የእግር ኳስ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን በላ፣ ከዚያም ወረደ፤ እንዲደገም የምንጸልይለት አንድ ታሪክ ቢኖር እሱ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚደግመው ጠፋ።

መድገሙ አይደለም የከፋን። ቡና አገር ነን፤ አንዱ ጀበና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ግን በረካውን አቦል ነው ብሎ የሚያቀርብ የለም፣ ለበረካም ሌላ ሒሳብ አይመጣም።

አንተ ግን ሞትህን ሸጥህልን። ሰባተኛው የሚሺማ ጠብ መደምደሚያ ነው ተብሎ ነው የተሸጠው። አባትና ልጅ የመጨረሻቸው ነው ብለን፣ ተራችንን ትተን፣ ቆመን አየን። የቤቱ ጫጫታ ለአፍታ ጸጥ ያለበት ጊዜ ቢኖር ያኔ ነው፤ ክፉም ብትሆን ልጅህ ሲወረውርህ ሆድ ይባባል። ያንን ሆድ መባባት ነው መልሰህ ያስከፈልከን። ጨዋታው ሲወጣ 69.99 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላሩ በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ መቶን አልፎ ሄደ። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ አንተ ለብቻህ ሌላ ዋጋ! ምሳውን ዘሎ ተራ የሚጠብቅ ልጅ አለ እኮ። ለእሱ ስትሞት እውነት ሙት፣ ካልሆነም መጀመሪያውኑ አትሙት። ምን ዓይነት ሽማግሌ ነህ?

ይቅርታ፣ እርስዎ። ንዴት ነው። ሽበትዎን እናከብራለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናመለክታለን። አንደኛ፣ ጃርሶች (የአገር ሽማግሌዎች) እንላክላችሁ። ጅማ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎች ተቀምጠው፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጉማው (የደም ካሳው) ተተምኖ ይታረቃሉ። በልጅዎ በካዙያ ሰይጣን አለበት ቢባል እንኳ ጠበል አለ፣ ሩቅያ አለ፤ ይህን ያህል ክፍል ክንፍ አውጥቶ ሲበር ዝም ብሎ አይታይም። ነገራችሁ ከሁለት ከሰዓት አያልፍም ነበር፤ ሽማግሌ የማትፈልጉትም ለዚሁ እንደሆነ ይገባናል። ሁለተኛ፣ በስምንተኛው ሬይና የምትባል ሴት ልጅ እንዳለችዎ ሰማን፤ መጨረሻው ላይ ሰይጣኑ እሷም ላይ ታየ። እባክዎን ገደል ዳር ይዘዋት አይሂዱ።

ከሰላምታ ጋር
የተራ ጠባቂዎች ኮሚቴ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለአቶ ካዙያ ሚሺማ፣ ገደሉ አፋፍ
ለጃክ 8፣ ጃክ 9 እስኪመጣ
ለቤቱ ሊቅ (የቡናው ሒሳብ እስካሁን አልተከፈለም)