ብሉይ ኪዳን ለነርሲንግ ተማሪ

አሜሪካ ልጃቸውን ክርስቲያን ኮሌጅ ያስገቡ ወላጆች የኮርስ ዝርዝሩን ሲያዩ የሚያነሷት ጥያቄ አለች፤ «ነርሲንግ ልትማር ገብታ ብሉይ ኪዳንና የሥነ ጥበብ ታሪክ ምን ያደርግላታል?» ክሬዲት ሁሉ ገንዘብ ነውና መጠየቃቸው አይፈረድባቸውም።

የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በደቡብ ግዛቶች ያሉ ኮሌጆችን የሚያጸድቀው አካል ከዚህ ቢያንስ 30ው ጠቅላላ ትምህርት፣ ማለትም ከሙያው ውጭ ያለ የጋራ ትምህርት፣ እንዲሆን ያስገድዳል። ክርስቲያን ኮሌጆች በላዩ ላይ ብሉይ ኪዳን፣ አዲስ ኪዳንና ነገረ መለኮት ይጨምራሉ፤ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት። በብዙዎቹ ዘንድ ክሬዲት ባይኖረውም መቅረት የሚያስጠይቅበት የቻፔል ጸሎትም አለ።

አገር ቤት በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመትም ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አለው። ኮርሱ ተዘጋጅቶ ስለሚሰጥ በምርጫ የሚሳሳት ተማሪ የለም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በፍሬሽማን ውጤት በመሆኑ ሎጂክ የሚጠናው ለነጥብ ነው። የተሳሳቱ ክርክሮችን ስም አንድ በአንድ የሸመደደ ልጅ፣ ያንኑ ስሕተት ፌስቡክ ላይ ሲያገኘው ሳያውቀው ያልፋል። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ወደ ኮርሶቹ የሚመልሰው የለም። ደህና ክርስቲያን ኮሌጅ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ጠቅላላ ትምህርቱን በአራቱ ዓመታት ላይ ያሰራጨዋል። መጽሐፈ ኢዮብን በመጀመሪያው ዓመት ያነበበች ተማሪ በአራተኛው ዓመት ስለ ታማሚ ስቃይ ስትጽፍ ኢዮብን እንደገና ትገልጠዋለች።

አሜሪካ ግን ተማሪው ራሱ ስለሚመርጥ ምርጫው ያሳስታል። ሳይንስ ለማያጠኑ የተዘጋጀውን ቀላል ባዮሎጂ የወሰደች ልጅ የጠቅላላ ትምህርቱን ግዴታ ታሟላለች፤ ነርሲንግ ግን አይቀበላትም፣ ሌላ 4 ክሬዲት ከነላቦራቶሪው ትከፍላለች። ሳይኮሎጂና ስታቲስቲክስ በብዙ ቦታ ለሁለቱም ወገን ስለሚቆጠሩ ቀድመው ይወሰዱ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) የሚዛወሩትንም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርሶች ይጠብቋቸዋል፤ በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ካልወሰዱ ከሆስፒታል ልምምድ ጋር ተጋጭተው ምረቃ ያዘገያሉ። ተማሪዎቹን የሚያስተዳድራቸው የገቡበት ዓመት ካታሎግ (የኮሌጁ የኮርስና የምረቃ ደንብ መጽሐፍ) ነውና ያንን አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

የውጭ ቋንቋ ግዴታ ካለ፣ ኮርሱን ሳይወስዱ በፈተና ክሬዲት የሚያስገኘው ክሌፕ (CLEP) አማርኛ የለውም። ሁለተኛ ደረጃን አገር ቤት የጨረሰ ልጅ ግን ትራንስክሪፕቱን ይዞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሬጅስትራር ዘንድ በጽሑፍ ያመልክት፤ ብዙ ኮሌጆች አማርኛውን ቆጥረው ከግዴታው ነጻ ያደርጉታል።