«ቢራ አልሸጥም»፦ በጣና ዳር ስለ ፍሳሽ የተደረገ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በባሕር ዳር ቆሻሻ ውኃቸውን ወደ ዝናብ ውኃ ቦይ የሚለቁ ምግብ ቤቶች፣ ፔንሲዮኖችና ላቫጆዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ይታሸጉ። ደጋፊው በከተማዋ ለዓመታት የሠሩ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው። ተቃዋሚዋ በሐይቁ ዳር የዓሣ ምግብ ቤት አላቸው። ተራ በተራ ጽፈዋል።

ባለሙያው

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ከሚወርዱት ቦዮች አንዱ ዳር ቁሙ። ሌሊቱን የረጋው ቅባት እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በስንጥር ነካ ስታደርጉት ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ የዓሣ ቅርፊትና የሩዝ ፍርፋሪ ይወጣል። ቦዩ የተሠራው ለክረምት ጎርፍ ነው፤ ማጣሪያ የለውም። የገባበት ሁሉ እንደ ገባ ጣና ወይ ዓባይ ይደርሳል።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ከከለከለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ ማስጠንቀቂያ ለምን? ማስጠንቀቂያ በእኛ ከተማ «ቱቦውን አፈር አልብሰው» ማለት ነው። በዓይኔ ያየሁትን ልናገር፦ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ከወጥ ቤት ወጥቶ ቦይ ይገባል፣ በላዩ ሦስት ድንጋይና የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ማሰሮው ይነሣል። ዝናብ ሲመጣ ልብስ የሚያስገባ ሰው አውቃለሁ፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚከፍት ግን እዚህ ነው ያየሁት።

ጉድጓዱ ሞላብኝ የሚል ሰበብም አልሰማም። የመጣጭ መኪና ዋጋ የአንድ ቅዳሜ የቢራ ሽያጭ አይሞላም።

እምቦጩም አይረሳ። አረም የሚወፍረው ሲቀለብ ነው፤ ከሳሙናና ከመጸዳጃ የሚወጣው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ቀለቡ ነው።

የምግብ ቤቷ ባለቤት

መጀመሪያ ነገር፣ ቢራ አልሸጥም። ሸጬም አላውቅም። ቤቴ የሚበላው የተጠበሰ ዓሣና የዓሣ ጎላሽ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ፣ ሻይና ቡና ነው። ባለሙያው ቅዳሜዬን ቆጥረው ከጨረሱ ዓርቤንም ይቁጠሩልኝ፤ እስኪ ስንት ጠርሙስ ይወጣቸዋል?

«ሰበብ አልሰማም» ላሉት ደግሞ ጆሮ ከሌላቸው ጫማ አድርገው በመስከረም ሰፈራችን ይምጡ። ከሐይቁ ዳር ነን፤ መሬቱ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ ያወጣል። ክረምቱ አልፎ ጣና ሲሞላ ጉድጓዴ የሚሞላው ከሥር ነው። ዛሬ አስመጥጬ በሳምንቱ ክዳኑ ጋ ይደርሳል። እኔ የጣናን ውኃ በቦቴ እየከፈልኩ ሳስወጣ ኖሬያለሁ፣ እሳቸው የማልሸጠውን ቢራ ይቆጥራሉ።

እምቦጩንም እኔ ላይ አታላክኩ። በ2004 ዓ.ም. ጉድ የተባለው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያና በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደቡቡ ጫፍ ነው። ሳሙናዬ በታንኳ ተሳፍሮ ነው ደንቢያ የደረሰው? ጣና የስንት ወንዝ ጭቃ የቻለ፣ የእኔን የሳህን እጣቢ አይችልም?

ባለሙያው

«የሳህን እጣቢ»! ይህን ቃል በወረቀት ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። በዚህ ከተማ እጣቢ ያልሆነ ነገር የለቀቀ ሰው እኮ አላጋጠመኝም። ላቫጆው «የመኪና እጣቢ» ይላል፤ ናፍጣና የሞተር ዘይቱን አይቆጥረውም። ፔንሲዮኑ «የሻወር ውኃ» ይላል፤ ከዚያው ቱቦ የሚወጣው ሌላው ነገር ስም የለውም።

ጣና ሁሉን ይችላል የሚሉት ስፋቱን አይተው ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ግድም ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር አካባቢ ነው። ትሪ ማለት ነው። ቆሻሻው ደግሞ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ላይ ተበትኖ አይጠፋም፤ ቦዩ ከሚገባበት ደንገል ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ልጆች በሚዋኙበትና ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ዳር። ውኃውን ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ዛሬም አለ። «ዓባይ ይዞት ይወርዳል» ከሆነ ነገሩ፣ ከታች ያለውም ሰው ሰው ነው።

እትዬ፣ ቢራው ምሳሌ ነው። ካስከፋዎት የለስላሳ ይሁንልዎ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ መልሱን በአንድ ቃል ይስጡኝ። ወጥ ቤትዎ ቅባት የሚያስቀር ሳጥን አለው? ከባድ ነገር አይደለም። መሐሉ የተከፈለ የሲሚንቶ ሳጥን ነው፤ ውኃው እዚያ ሲበርድ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ ከሥር ያለው ውኃ ብቻ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ያልፋል። በየሳምንቱ በጭልፋ ትገፍፉታላችሁ፣ አለቀ። ያለዚያ የመጥበሻ ዘይቱ የታንኩን መውጫ ይደፍነዋል። ጉድጓድዎ ቶሎ ቶሎ የሚሞላው በጣና ብቻ አይመስለኝም። ሌላም አለኝ፤ ሌሊት ቦዩ የሚሸተው ለምንድን ነው?

የምግብ ቤቷ ባለቤት

«የለስላሳ ይሁንልዎ» አልከኝ። ይቅርታ የምታውቀው እንዲህ ከሆነ እኔም እርስዎ ማለቱን ትቼዋለሁ፣ ልጄ። የሰው ቤት በማይሸጥበት ነገር ስም ጠርተህ፣ ሲነገርህ ጠርሙስ ትቀይራለህ። ነገ ደግሞ ጠጅ ነው ትለኝ ይሆናል።

የሳጥኑን ነገር ሰምቻለሁ፤ ግንበኛ ጠይቄያለሁ። አሁን እኔ ልጠይቅህ። ያ የምታሞግሰው መጣጭ መኪና የጠጣውን የት ነው የሚተፋው?

አምና የሆነውን ልንገርህ። ተራ ጠብቄ፣ ለምኜ መጣልኝ። ጓሮው ስለማያስገባ ቱቦውን በመመገቢያው መሐል ዘረጉት፤ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ሁለት ገበታ ሰው ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከፈልኩ። መኪናው የመጀመሪያውን ሞልቶ ሄደ። ሻይ አፍልቼ ሳልጨርስ ለሁለተኛው ዙር ተመልሶ በሬ ላይ ቆመ። ከከተማ ወጥቶ፣ ደፍቶ፣ ታጥቦ ለመመለስ ሻይ እስኪፈላ ይበቃል? የጎማው ጭቃ እርጥብ ነበር። በጋ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው፤ ጭቃውን ከየት አመጣው?

ልጄ ሕግ ተምራለች፤ አዋጅህን አነበበችልኝ። አንቀጽ 5ን ለምን ዘለልከው? የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና እንደ ሁኔታው የማጣራት ወይም በደኅና የማስወገድ ግዴታ አለባቸው ይላል። እኔን ለማሸግ ሰም ስታቀልጥ እዚያ በር ላይም ጠብ አድርጋት።

ባለሙያው

«ልጄ» ተብያለሁ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ስንት ክረምት በጓንት ጉድጓድ ውስጥ እጄን ስሰድ የኖርኩ ሰው። ይሁን፣ ከእናት የመጣ ስድብ አይደለም።

የአንዱ ሹፌር ጥፋት የሌላውን አያነጻም። ከዚያ በላይ ስለ መኪና አልከራከርም፤ የዛሬው ርዕስ ቦይ ነው። ሕዝቡ እንዳይሳሳትብኝ ግን አቋሜን ግልጽ ላድርግ። ጉድጓዱ የሞላበት ሁሉ ይታሸግ አላልኩም። ሳጥን ለመሥራት 30 ቀን ቢሰጥ አልቃወምም። ማሸጉ ሆን ብሎ ቱቦ ለቀበረው ነው። አንድ ቃል ብቻ ለምኜ ነበር፣ አላገኘሁም፦ ሳጥኑ አለ ወይስ የለም?

የምግብ ቤቷ ባለቤት

አያችሁት አይደል? «ያለ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ገብቶ በ30 ቀን ወጣ። አንድ ሁለት ዙር ብንጨምር ሲሚንቶውን ራሱ ተሸክሞልኝ ይመጣ ነበር።

ርዕሱ ቦይ ነው አልክ። መኪናውስ የሚደፋው ሰማይ ላይ ነው? እኔን ብታሸገኝ ነገ የእኔው ፍሳሽ በመኪና ተጭኖ እዚያው ቦይ ይመለሳል፣ ያውም ተከፍሎበት። ደንብ ካስፈለገ እንዲህ ይሁን፦ ሹፌሩ ሦስት ቅጂ ደረሰኝ ይያዝ። አንዱ እኔ ጋ ይቅር፤ ሁለቱ ማስወገጃው በር ላይ ተፈርሞባቸው አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለከተማው ይሁን። የተፈረመውን ሳያሳይ ብር የለም። እህል ሲጫን መውጫና መግቢያ ይፈረማል፤ ለሰገራ ያንስበታል?

ባለሙያው

የደረሰኙ ነገር ከዛሬ ዓመታት በፊት በስብሰባ ላይ ያነሣሁት ነው። የጻፈው አልነበረም። እትዬ በአንድ አንቀጽ ጨርሰውታል፤ እመሰክራለሁ። መኪናውንም በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። የሚቀጥለው ተራዎ መቼ ነው? በባጃጅ እከተለዋለሁ፤ ሒሳቡ በእኔ።

ቢራውን አንሥቻለሁ። ከመዝገብ ይሰረዝ።

የምግብ ቤቷ ባለቤት

ሐሙስ ነው። ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ፤ እንግዳ አላስከፍልም። አምባዛ ጠብሼ እጠብቅሃለሁ፣ ከለስላሳ ጋር።

በፊት ለፊት በር ግባ። በጓሮ በኩል እንዳትመጣ፣ ማሰሮዎቹ መንገዱን ዘግተውታል።