ማለፊያው ሲሶ ነው፣ ውድድሩ ከዚያ በላይ ነው

የማትሪክ ውጤት በወጣ ቁጥር ከደሴ ፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ወርዶም እስከ ኮምቦልቻ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «አለፈ ወይስ ወደቀ?» በ2014 ይህ ጥያቄ በቂ ነበር። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገብቶ ኩረጃ ሲዘጋበት፣ ከተፈታኙ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ ማለትም ወደ 30 ሺህ ተማሪ ብቻ ነበር። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ወጣ፤ የመጨረሻው ወደ 49 ሺህ ተማሪ ነው።

ወሬው ሁሉ ስለወደቀው ከ91 በመቶ በላይ ነው፤ አይፈረድም። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የአላፊው ቁጥር በ19 ሺህ ገደማ ሲጨምር፣ በጥሩ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሕክምና ወይም የሶፍትዌር ምህንድስና ወንበር በዚያው ልክ አይጨምርም። ላቦራቶሪውም የማስተማሪያ ሆስፒታሉም የሚችለው የተወሰነ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈውን አመልካች በራሱ የመግቢያ ፈተና ያጣራል። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው፤ የሚቀበሉትም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ብቻ ነው። ስለዚህ 50 ማምጣት ዛሬ ወደ ሰልፉ መግቢያ እንጂ የሰልፉ ጫፍ አይደለም። የእኛ ከተሞች ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና የማጠናከሪያ ገበያ ግን አሁንም የሚሠሩት ለ50 ነው።

50 ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ተፈታኙ የሚቀመጠው ለስድስት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ የሁሉም ናቸው፤ በተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨመራሉ። ጠቅላላው 600፣ ማለፊያው 300 ነው። ጥያቄው አራት አማራጭ አለው፣ ለተሳሳተ መልስም ነጥብ አይቀነስም። እንግዲህ ከ100 ጥያቄ 34ቱን አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ ቀሪዎቹን 66 በጭፍን ቢያጠቁር በአማካይ 16 ያህሉ ይገጥሙለታል፤ 50 ሞላ። በተግባር ማለፊያው የትምህርቱ ሲሶ ነው። ሲሶውን ይዞ ለሕክምና የሚወዳደር ልጅ ሦስት አራተኛውን ከሚያውቅ ልጅ ጋር ነው የሚሰለፈው።

ሌላም ስሌት አለ። በሒሳብና በፊዚክስ 35፣ 35 ያመጣ ልጅ ለማለፍ ከቀሩት አራቱ 230 መልቀም አለበት፤ በአማካይ 57.5። ባዮሎጂን በሽምደዳ ከፍ አድርጎ ይህን የሚያደርግ ሞልቷል። ያልፋልም። ከዚያ ምህንድስና ሲመኝ የሸሸው ሒሳብ መልሶ ደጁ ላይ ይቆማል።

ማጠናከሪያ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይነሳል። ወላጅ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲገባ ቱቶር ይቀጥራል። ቱቶሩ የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ይደግማል፣ ወደ ግንቦት ሲጠጋ የድሮ ማትሪክ ወረቀት ከነመልሱ ያስሸመድዳል። ልጁ የሚወድቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ የሊሚት ጥያቄ እንውሰድ፤ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ስንት ነው? ተማሪው 3ን ይተካል፣ ዜሮ ለዜሮ ያገኛል፣ «መልስ የለውም» ብሎ ያጠቁራል። የላይኛውን ኤክስ ሲደመር 3 በኤክስ ሲቀነስ 3 ብሎ ቢበትነው ኖሮ የጋራው ተጣፍቶ 6 ይወጣ ነበር። ሊሚቱን አልሳተም፤ የሳተው ፋክቶር ማድረግን ነው፣ እሱም የታች ክፍል ትምህርት ነው። ካልኩለሱን አሥር ጊዜ ቢደግሙለት ይህ ቀዳዳ አይደፈንም።

ቀዳዳው ለምን እዚህ እንደበዛ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በ2017 የተፈተኑት ልጆች በመጋቢት 2012 በኮቪድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ 7ኛ ክፍል ነበሩ። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 በጦርነት ተይዘው ሲቆዩ ደግሞ 9ኛ ክፍል ደርሰው ነበር። የተበላሸው ወንበርና ቤተ ሙከራ ብቻ አልነበረም፤ ጥድፊያ የበዛበት ዓመት አልፎ ልጆቹ ወደ 10ኛ ተሻገሩ። የ2018 ተፈታኞችም በጦርነቱ ጊዜ 8ኛ ክፍል ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች የሚጠቅመው መስከረም ላይ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ 40 ጥያቄ ሰጥቶ የጎደለውን መለየት ነው። ከዚያ ፋክቶር ማድረግ፣ ክፍልፋይና ኤክስፖነንት፣ እኩልታና አለመተካከል፣ የፈንክሽን ግራፍ፣ ትሪጎኖሜትሪና ፐርሰንት ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ 90 ደቂቃ ቢሠራ፣ በአሥር ሳምንት ብዙው ይደፈናል። ፊዚክሱም አብሮ ይነሳል፤ የፊዚክስ ስህተት ከፊሉ የአልጀብራ ስህተት ነውና።

አፕቲቲዩድ የባሰ የተረሳ ነው። ከ600 የ100 ነጥብ ድርሻ ይዞ በአብዛኛው ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ የለውም፣ መምህርም የለውም። የሚጠይቀው የቃላት ዝምድናን፣ አመክንዮንና የቁጥር ብልሃትን ነው፤ ይህ በሰኔ ተጀምሮ በሰኔ አይደርስም። የእንግሊዝኛው ችግር ደግሞ ፍጥነት ነው። በስፋት በሚገኙት የቀድሞ ዓመታት ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ይሠራል፤ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ማለት ነው፣ ምንባቡን ማንበቢያም ከዚያው ይቀነሳል። ግራመር ብቻ ያጠና ልጅ ምንባቡ ላይ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሰዓት ይዞ ማንበብ ነው፤ ለዚህ ቱቶር አያስፈልግም።

ነጥብ በዕውቀት ብቻ አይጠፋም። የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ የመልስ መስጫው ላይ ያላጠቆረ፣ 37ኛውን ዘሎ የ38ኛውን መልስ በ37 መስመር ላይ ያሰፈረ፣ ላጲሱ በደንብ ሳያጠፋለት ሁለት ክብ የጠቆረበት ተማሪ፣ የሠራውን ሥራ ማሽኑ አያይለትም። በየአሥር ጥያቄው ቁጥር ማመሳከር ከዚህ ያድናል። ሞዴል ፈተና በባዶ ወረቀት ላይ ከሚሰጥ፣ ትምህርት ቤቶች መልስ መስጫውን ፎቶ ኮፒ አድርገው ቢያለማምዱ ወጪው ትንሽ ነው። ከ2016 ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚፈተነውም በዝቷል፤ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለጥያቄው ሳይሆን ለማውዙ ያውላል።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ በኢንተርኔት ቤት ጥድፊያ ይበላሻል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ጓደኛ የሞላውን ቅደም ተከተል መገልበጥ የተለመደ ነው። የደሴ ልጅ መሆን ወሎ ዩኒቨርሲቲን አያሰጥም፤ ምደባው አገር አቀፍ ነው። ጤና የሚፈልግ የደሴውን ግቢ፣ ምህንድስና የሚፈልግ የኮምቦልቻውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስቦ ወሎን ማስቀደሙ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቦበት ይሁን። የይለፍ ቃሉና የተመዘገበው ስልክ የተማሪው የራሱ ይሁኑ፤ በኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ስልክ የተከፈተ አካውንት በማግስቱ ማስተካከያ ሲያስፈልግ አይከፈትም። የራስ ገዙና የሳይንስና ቴክኖሎጂዎቹ ማመልከቻ በቀናት የሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከምደባው ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ያመልጠዋል።

ግቢ መግባትም ውድድሩን አይዘጋውም። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን የጋራ ኮርስ ነው፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ለተፈጥሮ ሳይንሱ ሒሳብና ፊዚክስም አሉበት። ዲፓርትመንት የሚደለደለው የዚያ ዓመት ውጤት ተጨምሮበት ነው። በ420 የገባ ልጅ አንደኛውን ሴሚስተር በመዝናናት ካሳለፈ፣ በ330 የገባውና ሒሳቡን ያልለቀቀው ይቀድመዋል። የፍሬሽማን ሒሳብ በሎጂክና በሴት ይጀምርና ወደ ፈንክሽን ይሄዳል፤ ከ11ኛና 12ኛ ክፍል ብዙም አይርቅም። ከፈተናው እስከ ዩኒቨርሲቲው ጥሪ ያሉት ወራት ታዲያ ለዚህ ይበቃሉ። ተማሪው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ መጽሐፉን ለታናሹ ከማውረሱ በፊት እስከ ጥሪው ቀን ራሱ ይያዘው።