ካፈርኩ አይመልሰኝ! ለዳግም ብሊች ጀግኖች የቀረበ ውዳሴ

ጀግና ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ ጥር ገብቶ የሰርጉ ወቅት ሲጦፍ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳገኛችሁት የውበት ሳሎን ጎራ በሉ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት እዚያ አይሠራም። ባለፈው ሳምንት ፀጉሯ በብሊች፣ ማለትም የፀጉርን ቀለም በሚያነጣው ኬሚካል፣ የተሰባበረ እህታችን ያንኑ ሳህንና ያንኑ ብሩሽ እያየች ወንበሩ ላይ ተደላድላ «ድገሚኝ» ትላለች። መበርየት ብሎ ነገር የለም።

የጀብዱው መነሻ ብዙ ጊዜ ጥቁር ከለር ነው። ዓመት ሙሉ ጥቁር ስትቀባ የከረመች ሴት ብሎንድ ሲያምራት መጀመሪያ የብሎንድ ከለር ትገዛለች። ከለር ከለርን አያነሳምና ፀጉሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን ይሄዳል። ፈሪ እዚህ ላይ ያቆማል፣ ጀግና ወደ ብሊች ይሻገራል። ብሊች ጥቁርና ቡናማውን ሜላኒን (የፀጉርን ተፈጥሯዊ ቀለም) ቶሎ ይበትናል፤ ቀይና ቢጫው ግን ግትር ነው። ስለዚህ ጥቁር ፀጉር ብሎንድ ከመድረሱ በፊት በቀይ፣ በመዳብማ፣ በብርቱካንማና በቢጫ ማለፍ ግዴታው ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የታጠበ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ብርቱካንማን የሚያበርደው ሰማያዊ ቶነር (ቀለም ማስተካከያ) ነው፤ ሐምራዊው ሻምፖ የተሠራው ለቢጫ ነው። ጀግናችን ግን ሐምራዊውን ጠርሙስ እስኪያልቅ ብርቱካንማው ላይ ታፈሳለች። እንዲህ ያለውን ጽናት አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

ዋናው ገድል የሚፈጸመው ግን በሁለተኛው ዙር ነው። ተራ ሰው ቢሆን ፀጉሩን ለሳምንታት ያሳርፋል፣ አዲስ የበቀለውን ብቻ በ20 ቮልዩም፣ ማለትም የብሊቹ ዱቄት በሚበጠበጥበት በ6 በመቶ ፔሮክሳይድ ያስነካል፣ ያረጀውን ርዝመት ደግሞ ብሊቹ እንዳይደርስበት በኮንዲሽነር ይሸፍናል። የጀግና ስሌት ሌላ ነው። «በ20 እምቢ ካለ በ40 ይወጣል!» 40 ቮልዩም 12 በመቶ ነው። አንድ ጊዜ ብሊች የገባበት ፀጉር ደግሞ ቅርፊቱ ተነስቶ የነኩትን ሁሉ ስለሚመጥ፣ 20ውም ሊበዛበት ይችላል። በዚያ ላይ ሳሎኖቻችን በፍትሐዊ ክፍፍል የታወቁ ናቸው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ሁሉም እኩል ይደርሰዋል። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበቅለው ጤነኛ ሥርና ሁለት ዓመት የተቀቀለው ጫፍ አንድ ዓይነት ድርሻ ይቀበላሉ። ሥሩ በራስ ቅል ሙቀት ቀድሞ ይነጣል፣ ጫፉ ይበጣጠሳል፣ መሐሉ ብርቱካንማ እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ሂሳብ ሦስት ከለር!

ቶሎ እንዲወጣ ፎይል ይጠቀለልና ካስክ (የፀጉር ማድረቂያው ቆብ) ውስጥ ይገባል። ብሊች ሲደርቅ ሥራ ያቆማል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያደርቀዋል። የደረቀው ላይ ሌላ ይደረብበታል። ሰዓት የሚያይ የለም፣ ሰዓቱ ያለበት ስልክ ቲክቶክ ላይ ነው።

ከመቀባት በፊት መሞከር ደግሞ የፈሪዎች ልማድ ነው። ከኋላ በኩል ጥቂት ዘለላ ቆርጦ ውህዱ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማቆየት፣ ማጠብ፣ ከዚያ እርጥቡን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ። ጤነኛ እርጥብ ፀጉር ሲሳብ ሲሶ ያህል ረዝሞ ይመለሳል። የተጎዳው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ይቀጥናል፣ ይነጣል፣ ሳይመለስ እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጀግናችን ውጤቱን በራሷ ፀጉር ማየት ትመርጣለች፤ ባለሙያዋም «እርጥብ ስለሆነ ነው፣ ሲደርቅ ይመለሳል» ብላ ታጽናናታለች። አይመለስም። ኬራቲንን፣ ፀጉር የተሠራበትን ፕሮቲን፣ አጥብቆ የያዘውን የሰልፈር ትስስር ብሊች ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ያ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ከራስ ቅል የወጣ ፀጉር ደም የለው፣ ሕይወት የለው፣ በምን ይድናል?

ልዩ ሜዳሊያ የሚገባቸው ደግሞ ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር የሚዘረጋ ኬሚካል) ላይ ብሊች የሚደርቡ ናቸው። ሪላክሰር ያንኑ ትስስር አስቀድሞ ፈትቶታል፤ ብሊቹ የሚመጣው የተረፈውን ለመልቀም ነው። የወርቅ ሜዳሊያው ግን «ሂና» ተብሎ የተሸጠ የማይታወቅ ጥቁር ዱቄት ለቀቡት ይሁን። አንዳንዱ ዱቄት የብረት ጨው አለበት፤ ከፔሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል። ያለ ከሰልና ያለ ዕጣን ጭስ ማውጣት የቻለ ጭንቅላት መከበር አለበት። (ወንዶቹም በዚህ ዘመቻ አልቀሩም፤ ነገር ግን ሲበላሽ በማሽን ልጭት ስለሚሉት ጀግንነታቸው ግማሽ ነው።)

ከጦርነቱ በኋላ ሕክምናው ይጀመራል። እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ለጋ ቅቤ። ቅቤው ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ የተበጠሰ ትስስር ግን አይቀጥልም፤ በማይመለከተው ጉዳይ መጠራቱ ያሳዝናል። ከዚያ ፕሮቲን ትሪትመንት በየሳምንቱ ይታዘዝና ፀጉሩ ደርቆ እንደገና መሰበር ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ «ሻካራ ሆነ» ተብሎ ፔስትራው (የፀጉር መተኮሻው) እስከ 230 ዲግሪ ይጋላል። ከመታጠብ በፊት የኮኮናት ዘይት መቀባት ከፀጉር የሚታጠበውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ዳሩ ግን ርካሽ መፍትሔ ለጀግና ክብር አይመጥንም።

መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ከግንባር በላይ ያለው ስስ ፀጉር ነው። ቀጥሎ የድሮው ብሊችና የአዲሱ የተደራረቡበት መሥመር ላይ፣ ከሥሩ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን ይበጠሳል። ማበጠሪያው ሞልቶ ሲወጣ ባለሙያዋ መቀስ ታነሳለች፣ ጀግናችንም ለጓደኞቿ «አጭር ስታይል ፈልጌ ነው» ትላለች። አሁን የቀረው አራት ጣት ነው፤ ቀለሙም ገና ብርቱካንማ። ደግነቱ ለአጭር ፀጉር 30 ግራም ዱቄትና 60 ሚሊ ሊትር ፔሮክሳይድ ይበቃልና ሂሳቡ ይቀንስላታል። ቀጠሮው ለሐሙስ ተይዟል።